ሳልባርክ የገባሁበት አውድማ

ሐሙስ ጠዋት

ከአዲስ አበባ የወጣሁት በእልህ ነው። ሰንበት ትምህርት ቤት መጽሐፈ ሩትን ሳስተምር ትዕግሥት የምትባል ተማሪዬ፣ "መምህር፣ አውድማ አይተው ያውቃሉ?" አለችኝ። የከተማ ልጅ ነኝ፤ አላየሁም። እስከ እሑድ አይቼ ካልመጣሁ ክፍሉን ለሌላ እለቃለሁ ብዬ ፎከርኩ።

ደጀን፣ ስድስት ሰዓት

የዓባይን ሸለቆ ወጥተን ለፍተሻ ወረድን። ፈታሹ ማስታወሻ ደብተሬን ሁለት ጊዜ ገለጠው። አጠገቤ የተቀመጠው መንገደኛ የምሄድበትን ሦስት ጊዜ ቢጠይቀኝ ሦስት የተለያየ መልስ ሰጠሁት። ሰው አላምንም፤ አመሌ ነው።

ዓርብ፣ ይጁቤ አካባቢ

ደብረ ማርቆስ አሳድሮኝ ያመጣኝ አስተማሪው ወዳጄ ካሳ ነው። አውድማው የአጎቱ የአያ ደምሴ ነው፤ በእበት ተለቅልቋል፤ አራት በሬዎች ጤፉ ላይ ይዞራሉ። አፋቸው አልታሰረም። ካሳ የሚያበራይ በሬ አፉ አይታሰር የሚለውን የኦሪት ሕግ አስታውሶ ለእኔ ሲል ያስፈታቸው መሰለኝ።

ደብተሬን አወጣሁና፣ "ስንት ኩንታል ይወጣዋል?" አልኩ።

የሚያበራዩት ሰዎች ደብተሬን አዩት። ገለባ የሚያነሳበትን መንሽ የያዘው ሰውዬ ጀርባውን ሰጠኝ። ካሳ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ የአውድማ እህል ሳይሰፈር ስንት ነው እንደማይባል፣ በረከቱ ይሸሻል ተብሎ እንደሚፈራ ነገረኝ። ደብተር የያዘ እንግዳ ደግሞ ግብር መዝጋቢ ይመስላቸዋል። ለካ እነሱም ጠርጥረውኛል።

አያ ደምሴ በሬዎቹን አቆሙ። "መጽሐፍ አስተምራለሁ ብለሃል አሉ።"

"አዎ፣ አባቴ።"

"ቦዔዝ አጫጆቹ ዘንድ ሲደርስ፣ ስንት ነዶ አጨዳችሁ አለ?"

አፈርኩ። በመጽሐፈ ሩት ቦዔዝ አጫጆቹን ቀድሞ የሚባርክበት፣ ስንት ዓመት ያነበብኩት ቦታ ነው፤ ሰላምታ ነው እያልኩ እዘለው ነበር። ደብተሬን ከትቼ ከአውድማው ወጣሁና እንደገና መጣሁ።

"እግዚአብሔር ከእናንተ ጋር ይሁን።"

"እግዚአብሔር ይባርክህ" አሉኝ፣ ጀርባውን የሰጠኝም ጭምር።

ለእኔ ብለው አጥንተውት ይሆን? ይህን ሳስብ አንዲት መንገደኛ ሴት ከማዶ ሆና ያንኑ ቃል ጣለችላቸው። ቀና ሳይሉ መለሱላት። ያኔ ጥርጣሬዬ አለቀ።

እሑድ፣ አዲስ አበባ

ገበሬዎቹ ያታልሉኛል ብዬ ነበር የሄድኩት። መጠርጠር የነበረብኝ ግን፣ የጎረቤትን ነገር የሩቅ አገር ወሬ አድርጌ ማንበቤን ነው። ክፍል ስገባ መጽሐፉን ሳልከፍት በዚያው ሰላምታ ሰላም አልኳቸው።

"መምህር፣ ምን ብለን ነው የምንመልሰው?" አለች ትዕግሥት።

"እኔም ያወቅኩት ዓርብ ዕለት ነው" አልኳት።