አራተኛው ቢስክሌት

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ምድር ቤት ወርዶ የተነፈሰ ካላማዳሪያ ሲለጥፍ፣ የማስቲሹ ሽታ በደረጃው ሽቅብ መጥቶ አፍንጫዬ ውስጥ ገባና፣ የያዝኩትን ሰሃን አስቀምጬ ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። ሌላው ሰው ልጅነቱን በዝናብ ሽታ፣ በዳቦ ሽታ ያስታውሳል አሉ፤ እኔ በጎማ ማስቲሽ ነው፣ ባስታወስኩት ቁጥር ደግሞ ቆሽቴ ያርራል። ከአርባ ዓመት በላይ ሆነው እኮ! ሰው ሁሉ «ይቅር በይ፣ ዘመኑ ነው» ይለኛል፣ እኔም እሺ እላለሁ፣ ያ ሽታ ሲመጣ ግን ይቅርታዬ የት እንደሚገባ አላውቅም።

ነገሩን ልናገረውና ይውጣልኝ። በደርግ ጊዜ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሲሆነኝ፣ በልጅነቴ እንደዚያ የተደሰትኩበት ጊዜ የለም የምለውን ሁለት ሳምንት በፈረንሳይ ገጠር ቢስክሌት እየነዳን አሳለፍን። ያኔ ታላቅ ወንድሜ ሰይፉ አዲስ አበባ ውስጥ ተገድሎ ነበር። አባቴ ያውቅ ነበር። እናቴና እኔ አናውቅም ነበር።

የምንኖረው ጄኔቭ፣ ፕላንፓሌ አደባባይ ዳር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነበር። አባዬ ተርጓሚ ነው፤ ለሁለት ዓመት ሥራ ተብሎ መጥቶ፣ ደርግ ሲገባና «ተመለስ» የሚል ደብዳቤ ሲደርሰው አልመለስም ብሎ ቀረ። ሰይፉ ግን ትምህርቱን ይጨርስ ተብሎ አክስቴ ጋ ቀርቶ ስለነበር፣ ከዚያ ወዲያ የመውጫ ቪዛ የሚሰጠው ጠፋ። ክረምት ላይ፣ ብርዱ ጆሮ ሲቆርጥ፣ አባዬ ቅዳሜ ቅዳሜ አደባባዩ ላይ ወደሚዘረጋው የአሮጌ ዕቃ ገበያ እጄን ይዞ ይወስደኝና፣ ዛሬ አንድ ጎማ፣ በሳምንቱ አንድ መሪ እየገዛ፣ ወጥ ቤት ወለል ላይ ጋዜጣ አንጥፎ ይገጣጥም ነበር። እማዬ «ይሄን ግሳንግስ አውጡልኝ! ሽንኩርቴ ሁሉ ማስቲሽ ማስቲሽ ሸተተ!» እያለች ትጮህበት ነበር። ሦስት ቢስክሌት ሠርቶ ሲያበቃ አራተኛ፣ ረጅም አረንጓዴ ቢስክሌት ጀመረ። የማን እንደሆነ ስጠይቀው «የሰይፉ ነዋ። አሥራ ሰባት ዓመቱ እኮ ነው፣ ሲመጣ እግሩ ረዝሞ ነው የሚመጣው» አለኝ። ቀለሙን ሁለት ጊዜ ቀባው።

ጸደይ ሲገባ እማዬ ቢስክሌት መንዳት ተማረች፣ በሠላሳ ስምንት ዓመቷ! አባዬ ኮርቻውን ከኋላ ይዞ እየሮጠ፣ እሷ ቀሚሷን በመርፌ ቁልፍ አያይዛ፣ አደባባዩ ላይ የብረት ኳስ የሚጫወቱትን ሽማግሌዎች «ዞር በሉ! ኧረ ዞር በሉ፣ ልጨርሳችሁ ነው!» እያለች በአማርኛ ስትጮህባቸው፣ እነሱ ቆባቸውን እያነሱ ያሳልፏት ነበር። ይህን ሁሉ ለሰይፉ እጽፍለት ነበር፤ እሱ ደግሞ «ሥዕል ያለበት ፖስት ካርድ ላኪልኝ፣ ግድግዳዬ ላይ እለጥፈዋለሁ» ይለኝ ነበር። ከፋሲካ በኋላ ደብዳቤው ቀረ። እማዬ «ደብዳቤ እየከፈቱ ነው አሉ፣ ፈርቶ ነው» ትል ነበር፣ ግን አንድ ቀን ወጥ ቤት ቆማ፣ ልጇን ብታወጣላት ፍልሰታን በየዓመቱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ልትጾም ለእመቤታችን ስትሳል ሰማኋት። ከዚያው ዓመት ልትጀምር ቆርጣ ነበር።

ሐምሌ ላይ አባዬ «ለሥራ ነው» ብሎ በባቡር ዙሪክ ደርሶ መጣ። ለሥራ አልነበረም። የእማዬ ታናሽ ወንድም ጋሼ ለማ ዙሪክ፣ ላንግሽትራሰ የሚባል መንገድ ላይ፣ አንድ ምግብ ቤት ውስጥ ሰሃን ያጥብ ነበር፤ ከአዲስ አበባ የወጣ ሰው ሰይፉን ግንቦት ላይ ከቤት ወስደው እንደገደሉት ለእሱ ነግሮት ኖሯል። ከዓመታት በኋላ ራሱ ጋሼ ለማ እንዳጫወተኝ፣ ከቡና ቤት በላይ ባለችው ጠባብ ክፍሉ አምስት ወንዶች፣ ሁለቱ አልጋ ላይ፣ ሦስቱ ቆመው፣ ስለ እናቴ መከሩ። ያለ ወንድሟ መርዶ አይነገራትም፣ ለማ ደግሞ ፈቃድ የሚያገኘው ነሐሴ መጨረሻ ነው፤ ጾሙም ይፈታ፤ ጄኔቭ ያሉት አበሾች ለእረፍት ተበትነዋል፣ ስትወድቅ ማን ይይዛታል? በዚያ ላይ በንጋት ጩኸት ከተሰማ ጎረቤት ፖሊስ ይጠራል። እስቲ አሁን ይሄ ምን ይባላል? እናቴ የልጇን ሞት እንድትሰማ ቀጠሮ ተያዘላት! አባዬ «እስከዚያ ይሄን ፊቴን ምን ላድርገው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ አንዱ ሽማግሌ «ከቤት አውጣት፣ አበሻ ከማታገኝበት ውሰዳት» አሉት። ሰው ከማታገኝበት! እንደዚህ ነው እንግዲህ ወደ ፈረንሳይ ገጠር የሄድነው።

ነሐሴ በገባ በሳምንቱ ሦስቱን ቢስክሌት ባቡር ላይ ጭነን እስከ ማኮን ከተማ ሄድንና፣ ከዚያ ወዲያ በወይን እርሻው መሀል በቀስታ፣ ስንፈልግ እየነዳን፣ ዳገት ሲሆን እየገፋን፣ ማታ ማታ ርካሽ ማደሪያ እየፈለግን ከመንደር መንደር እንዞር ነበር። ውሸት አልናገርም፣ ያምር ነበር። ማር የመሰለ ድንጋይ ቤት፣ ግንቡ የፈራረሰ የመሳፍንት ቤት፣ ሴቶች ድሮ ልብስ ያጥቡበት የነበረ ጣሪያ ያለው ምንጭ፣ ዘጠኝ መቶ ዓመት የሆናቸው ትንንሽ ቤተ ክርስቲያኖች ነበሩ። አባዬ ሁልጊዜ ከፊት ነበር። እኔ ልቀድመው ስሮጥ እሱ ይብስ ይነዳል፤ «አባዬ፣ ቆይ እንጂ!» ስለው ሳይዞር እጁን ብቻ ያነሳልኝ ነበር። መንገድ እየመራን መስሎኝ ነበር፣ አይ ሞኝነት! ፊቱን እንዳናይ ነበር። ምንጭ ባገኘ ቁጥር ወርዶ ፊቱን ሲታጠብ ይቆይ ነበር፣ እማዬም «ይሄ ሰውዬ ዛሬስ ሊጠመቅ ነው» እያለች ትስቅበት ነበር። እሷ ቁልቁለት ስታገኝ ሁለቱንም እግሯን ከፔዳሉ ላይ አንስታ እልል ትል ነበር። እናቴ እልል ስትል ያየሁት ያኔ የመጨረሻ ነው።

በየመንደሩ አንድ ፖስት ካርድ ለሰይፉ እመርጥ ነበር። እኔ ግንቡን፣ ምንጩን፣ ስንት ጊዜ እንደወደቅኩ እጽፍለታለሁ፣ እማዬ ከታች «ልጄ፣ ሹራብ ልበስ» ብላ ትጨምራለች፣ አባዬ ደግሞ ፊታችን ቴምብር ገዝቶ፣ በምላሱ አርጥቦ ለጥፎ፣ «እኔ ፖስታ ቤት አስገባዋለሁ» ብሎ ይወስደው ነበር። አንድ ቀን አንዲት ባላገር ሴትዮ ውሃ ስንጠይቃት ግቢዋ ውስጥ አስቀምጣ እንቁላልና አይብ አቀረበችልን። እማዬ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «የምጾመው ለልጄ ነው፣ ከልጄ ጋር እንድገናኝ ነው በያት» አለችኝ፣ እኔም በፈረንሳይኛዬ ተረጎምኩ። ሴትዮዋ እንባዋ መጣና እማዬን ሳመቻት። አባዬ ተነስቶ ምንም ያልሆነ ጎማ ሊነፋ ሄደ። በማግስቱ እማዬ አንዲት የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ገብታ፣ «የካቶሊክ ብትሆንም እመቤታችን ያው እመቤታችን ናት» ብላ፣ ለሰይፉ ሻማ ስታበራ፣ አባዬ ደጅ ቆሞ አልገባም አለ። ለሕያው የበራ ሻማ መስሏት ነበር። እሱ ያውቃል፣ ደጅ ይቆማል፣ ዝም ይላል! ዛሬም እዚች ላይ ስደርስ ደሜ ይፈላል።

ነሐሴ መጨረሻ፣ ከተመለስን በሦስተኛው ቀን፣ ገና ጎህ ሳይቀድ የበሩ ደወል ጮኸ። እማዬ በሌሊት ልብሷ ሄዳ ስትከፍት ጋሼ ለማ ጥቁር ኮት ለብሶ ቆሟል። «ለማ! ምነው፣ በደህና ነው?» አለችና ደረጃውን ቁልቁል ስታይ፣ ከከተማው ዳር ከግራንድ ሳኮኔ ሳይቀር የመጡት አበሾች፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ እስከ ታች ድረስ ቆመዋል። ከእሱ ጋር የመጡት ሽማግሌ «እንግዲህ የእግዚአብሔር ነገር» ብለው ሲጀምሩ አላስጨረሰቻቸውም። «ሰይፉ ነው?» አለች። ሴቶቹ አቅፈዋት አብረው ወደቁ። ያ የተፈራው ፖሊስ አልመጣም፤ ከታች ፎቅ ያሉት አሮጊት በሌሊት ልብሳቸው ወጥተው፣ የደረጃውን መደገፊያ ይዘው ከእኛ ጋር አለቀሱ። እማዬ ድምጿ ሲዘጋ «መቼ?» አለች። «ለማ፣ መቼ ነው ያልኩህ!» ስትለው «ግንቦት» አለ። ዞር አለችና አባዬን «አንተስ መቼ ሰማህ?» አለችው። «ሐምሌ» አላት። «ታዲያ እልል ስል ምነው ዝም አልከኝ?» አለችው። ከዚያ በኋላ ለቅሶ ብቻ ነበር።

መጸው ሲገባ፣ ቅጠሉ አደባባዩ ላይ ሲረግፍ፣ የእኔ ጎማ ተነፍሶ ማስቲሽ ፍለጋ ከአባዬ ኮርቻ ሥር የተንጠለጠለችውን የቆዳ ቦርሳ ከፈትኩ። ከማስቲሹ ሥር ሰባት ፖስት ካርድ ነበር። ሰባቱም! ቴምብራቸው ተለጥፏል፣ የእማዬ «ሹራብ ልበስ» አለ፣ ማስቲሹ ፈስሶ ሁለቱን አጣብቋቸዋል። ይዣቸው ሄጄ ጭኑ ላይ ወረወርኩለት። «ውሸታም!» አልኩት፣ አባቴን፣ በአሥራ አንድ ዓመቴ። ይመታኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። አንድ በአንድ ሰበሰባቸውና «ታዲያ የት ልላካቸው፣ ልጄ?» አለኝ። እማዬ ቢስክሌት ላይ ዳግመኛ አልወጣችም፤ ፍልሰታን ግን እስክታርፍ ድረስ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾማለች፣ ለማን ብሎ የጠየቃት የለም።

ልጄ ባለፈው ቅዳሜ ሲለጥፍ የነበረው ያንን አረንጓዴ ቢስክሌት ነው። አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው፣ እግሩ ረዝሟል፤ አባዬ ነው «ውሰደው፣ ቆሞ ቀረ» ያለው። አባዬ አርጅቶ ከእኛ ጋር ነው የሚኖረው፣ ቀኑን ሙሉ በረንዳ ላይ ይቀመጣል። ያን ቀን ወንበር ላይ ያስቀመጠኝ ታዲያ ሽታው ብቻ አልነበረም። ሐሙስ ዕለት ጋሼ ለማ ዙሪክ ሆስፒታል አርፎ ነበር። ዛሬ ሞት በስልክ አምስት ደቂቃ አይፈጅበትም፣ ወዲያው ሰማሁ፤ ወዲያው ደግሞ እዚህ ያሉት አበሻ ሽማግሌዎች ደውለው «ለአባትሽ እንዳትነግሪ፣ ልቡ ደካማ ነው፤ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ተሰብስበን እናረዳዋለን» አሉኝ። እኔ፣ ዕድሜ ልኬን በዚህ ነገር ስቃጠል የኖርኩት፣ «እሺ» አልኩ! አፌ እንዴት እንዳለው አላውቅም። ሁለት ቀን ሙሉ ምሳውን አቅርቤ ፊቴን ወደ ምድጃ አዞርኩ።

ከወንበሩ ተነስቼ ፊቴን ታጠብኩና በረንዳው ላይ ሄጄ «አባዬ፣ ቀኑ ደስ ይላል፣ በመኪና ወደ ፈረንሳይ ገጠር ወጣ ብለን እንምጣ?» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። «ማን ሞተ?» አለኝ።

«ጋሼ ለማ» አልኩት። «ሐሙስ»።

እጁን ፊቱ ላይ አድርጎ አለቀሰ፤ ልቡም አልቆመም፣ እኔም ያዝኩት፣ አምስት ሽማግሌ አላስፈለገም። ያኔም ይሄው ይበቃ ነበር፣ አንድ ሰው፣ አንድ ወንበር፣ እውነቱ። ይህን ልነግረው አፌ ላይ መጥቶ ሳለ እንባውን ጠርጎ፣ እኔ በአርባ ምናምን ዓመት አንድ ቀን ያልጠየቅኩትን ጥያቄ እሱ ጠየቀኝ።

«ሁለት ቀን ብቻሽን ያዝሽው? ከብዶሽ ነበር?»

«በጣም፣ አባዬ» አልኩት። ከታች ልጄ የለጠፈውን ጎማ ሲነፋ ይሰማን ነበር።