ለብርቄ የወሰድኩት ስኳር

በመጀመሪያ ማን እንደሆንኩ ይታወቅ። ደብረ ታቦር ውስጥ የትምህርት ቤት ደጃፍ ሳይረግጥ የተማረ ሰው ማን ነው ተብሎ ቢጠየቅ፣ ጣት የሚቀሰረው ወደ እኔ ነው። ፊደል የለየሁት ዕቃ ከሚጠቀለልበት አሮጌ ጋዜጣ ላይ ነው፤ መምህርም፣ አለንጋም፣ ጥቁር ሰሌዳም አልነበረኝም። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ መጥቶ ጎረቤቶቼ «ሀ ሁ» ሲሉ እኔ የእነሱን ደብዳቤ እጽፍ ነበር። ሬድዮ ፈትቼ ገጥሜያለሁ። የዕድራችንን ደንብ ያረቀቅኩት እኔ ነኝ፤ እስከ ዛሬ አንድ ቃል አልተሰረዘበትም። ከሐኪም ቤት የሚመጣ የመድኃኒት ወረቀት ሁሉ ወደ እኔ በር ይመጣል፤ እኔም አንብቤ ባለቤቱ በሚገባው ቃል አስረዳለሁ። ሌላው ያልገባውን ማስረዳት ሙያዬ ነው። በሰባ አንድ ዓመቴ መነጽር የማደርገው ክር በመርፌ ሳስገባ ብቻ ነው። ይህን ሁሉ ያነሳሁት ለመኩራት ብቻ አይደለም፤ ቀጥሎ የምናገረው ነገር በሌላ ሰው ላይ ደርሶ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልከበደ ነበር።

ባለፈው ክረምት የልጅ ልጄ ሶሊያና ጉንጯን ይዛ ሦስት ቀን አለቀሰች። አምስት ዓመት አልፏታል። እናቷ ትዕግሥት፣ የእኔ ልጅ ናት፣ ሐኪም ቤት ወሰደቻትና ሁለት የፊት ጥርሶቿ ተነቅለው ተመለሰች። ሌሎቹም ተቦርቡረዋል ተባለ። ለስላሳ መጠጡን፣ በካርቶን የታሸገውን ጭማቂ፣ ምሳ ዕቃዋ ውስጥ የሚገባውን ብስኩት፣ ሻይ ላይ የሚጨመረውን ሦስት ማንኪያ ስኳር እንድንቀንስ፣ ቢቻል እንድንተው ተነገረን። ዛሬ ከትምህርት ቤት እስከ ቤታችን ባለው መንገድ ከረሜላ እንደ ዶቃ ያልተሰቀለበት ሱቅ የለም። ልጅ ብቻዋን ተዪ ብትባል አትተውም፣ ቤቱ ሁሉ ካልተወ። ስለዚህ የስኳር ዕቃውን ከጠረጴዛው ላይ በራሴ እጅ አነሳሁት።

አንድ ነገር ግን ከእጄ ውጭ ነበር። ታላቅ እህቴ ሙሉነሽ፣ ሁላችንም እታለም የምንላት፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ ከእኛ ጋር ትኖራለች። የነጠላዋ ጫፍ ሁልጊዜ ቋጠሮ አለው፤ ቋጠሮው ውስጥ ከረሜላ አለ። ሶሊያና ከትምህርት ቤት ስትመለስ እታለም ቋጠሮዋን ትፈታለች። ትዕግሥት በትሕትና ብትለምናት፣ «የብርቄን ድርሻ ነው የምሰጣት» አለቻት። ልጄም ወደ እኔ መጥታ፣ «አባዬ፣ እርስዎ ይንገሯቸው። የእርስዎን ቃል ይሰማሉ» አለችኝ። እሺ አልኩ። እሺ ብዬ አራት ወር ዝም አልኩ። ለእታለም ስለ ከረሜላ ለመናገር ከብርቄ መጀመር ነበረብኝ።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። የቀበሌው የኅብረት ሱቅ ውስጥ ዕቃ እየሰፈርኩ የማድል ወጣት ነበርኩ፤ ጫማዬ ሁልጊዜ የተወለወለ፣ ከኪሴ ብዕር የማይጠፋ። ስኳር እንደ ዛሬ በየሱቁ አይገኝም ነበር። ጆንያው መጣ ሲባል ሰው ከንጋት ጀምሮ ይሰለፋል። እኔ ወንደላጤ ነበርኩ፣ ሻይም አልወድም። ድርሻዬን በጋዜጣ እጠቀልልና በየአሥራ አምስት ቀኑ ለእታለም እወስድላታለሁ። ከማንም አልወሰድኩም፤ የራሴ ነበር።

እታለም የተዳረችው ከከተማው የሦስት ሰዓት መንገድ፣ በጉና ተራራ አቀበት ላይ ካለ መንደር ነው። የገብስና የድንች አገር ነው። መንገዱ መጀመሪያ ወንዝ ይወርዳል፣ ከዚያ በባሕር ዛፍ መሐል ይወጣል፤ ባሕር ዛፉ ሲያልቅ ብርዱ ይጀምራል። ጠዋት ከደረስክ የገብሱ ቡቃያ ላይ ውርጭ ተነስንሶ ታገኘዋለህ። የአገሩ ሰው ጨው ይመስላል ይላል። ለእኔ ስኳር ይመስለኝ ነበር፤ ያን ዓመት ሁሉም ነገር ስኳር ይመስለኝ ነበር።

እታለም ሁለት ልጆች ቀብራለች። ሦስተኛዋ ብርቄ ነበረች፤ ሦስት ዓመቷ፣ ጋሜ የተቆረጠች፣ ድምጿ ጎርነን ያለ። ከሩቅ ስታየኝ ሮጣ ትመጣና እግሬ ሥር ቆማ አፏን ትከፍታለች። ሰላምታዋ ያ ነበር። እኔም ከጥቅሉ ቆንጠር አድርጌ ምላሷ ላይ አኖርላታለሁ፣ እሷም ዓይኗን ጨፍና ትቆማለች። ከዚያ ወዲህ ሰው በብዙ ነገር አመስግኖኛል፤ እንደዚያ የተጨፈነ ዓይን ያመሰገነኝ ግን የለም።

ከእኔ ስኳር በፊት በዚያ ቤት ልጅ የሚበላው የታወቀ ነበር። ጠዋት የገብስ ቅንጬ ወይም ገንፎ፣ ቀን የድንች ቅቅል፣ በወቅቱ የባቄላ እሸት፣ ላሟ ስትታለብ ወተት። ጣፋጭ ማለት ማር ነው፣ ማርም ቀን ነበረው፤ በዓል ወይም ጉንፋን ካልመጣ ማሰሮው አይከፈትም። እኔ ቀን የሌለው ጣፋጭ አመጣሁ። እታለም ደግሞ ልጅ ሲያለቅስ የሚሞት የሚመስላት እናት ነበረች፤ አይፈረድባትም። ብርቄ ባለቀሰች ቁጥር የስኳር ሻይ በኩባያ ይቀርብላታል። ቀስ በቀስ ገንፎውን ገፋች። ወተቱንም ስኳር ካልገባበት አልነካም አለች። በመጨረሻ ምግቧ በስኳር ሻይ የራሰ ዳቦ ብቻ ሆነ። እኔ ደስ አለኝ። ከአንድ መጠቅለያ ወረቀት ላይ «ስኳር ኃይል ይሰጣል» የሚል አንብቤ ስለነበር፣ ወረቀቱን ይዤ ወጥቼ ለመንደሩ ሁሉ አነበብኩላቸው። በገና ሰሞን የብርቄ የፊት ጥርሶች ድዷ ሥር ቡናማ ሆኑ። አይቻለሁ። የወተት ጥርስ ነው፣ ይወድቃል አልኩ።

ሁዳዴ ገባ። እታለም አጥባቂ ናት፤ የወተቱን ዕቃ አጥባ ከቤት አወጣችው፣ ብርቄም ስኳር የገባበትን ወተት እንኳ አጣች። አንድ ቅዳሜ እኔ እዚያው እያለሁ የእታለም የነፍስ አባት ቄስ አዲሱ መጡ። ብርቄን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው መስቀላቸውን አሳለሟትና ለእታለም፣ «ሕፃን ጾም የለባትም። ላሟ እየታለበች ለምን ትከለክያታለሽ? ወተቱን ስጫት» አሏት።

እኔ እንደዚህ ያለ ነገር ሲነሳ ዝም የምል ሰው አይደለሁም። «አባ፣ ስኳር እኮ የጾም ነው» አልኩ። «ኃይል እንደሚሰጥም ተጽፏል። ስኳር ካለላት ወተት ምን ያደርግላታል?»

«የት ነው የተጻፈው?»

«ወረቀት ላይ።»

«ስኳሩ በተጠቀለለበት ወረቀት ላይ ይሆናላ» አሉ።

እታለም ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። ደሜ ፈላ። የጾሙን ነገር እርስዎ ያውቃሉ፣ የሳይንሱን ነገር ግን ለእኛ ይተዉልን ብዬ ረጅም ንግግር አደረግሁ፤ ዛሬ ግማሹን እንኳ ልደግመው አልፈልግም። ቄሱ እስክጨርስ ጠበቁኝ። ከዚያ የብርቄን እጅጌ ሰብስበው፣ «አንተ ባለ ወረቀት፣ እሱን ተወውና ና፣ ይህችን ክንድ ያዛት» አሉኝ። ክንዷን ወደ እኔ ዘርግተውልኝ ነበር። አልያዝኩም።

እታለም አንዴ እሳቸውን አንዴ እኔን አየች። በመጨረሻ፣ «ወንድምዓለም ያለው ይሁን፤ እሱ ያነባል» አለች። በስሜ ጠርታኝ አታውቅም፤ አዝላ ካሳደገችኝ ጊዜ ጀምሮ ለእሷ ወንድምዓለም ነኝ። ቁልቁለቱን ስወርድ ቄስ ረታሁ እያልኩ ለራሴ አዜም ነበር።

በሆሳዕና ሰሞን ብርቄን በበቅሎ ይዘዋት መጡ። ግማሽ ፊቷ እስከ አንገቷ አብጧል፣ አፏ ይሸታል፣ ክንዷ እንደ ሸምበቆ ቀጥኗል። እኔን ስታይ እንደ ልማዷ አፏን ልትከፍት ሞከረች። አልከፈት አላት። ሐኪም ቤት አስገባናት፣ መርፌ ተወጋች፤ በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሞተች።

ሲያክማት የነበረው ድሬሰር ሸምገል ያለ ሰው ነበር። ኪሴ ላይ ያለውን ብዕር አይቶ ለብቻዬ ጠራኝና ማንበብ ትችላለህ ወይ አለኝ። እችላለሁ አልኩ፤ በዚያች ሰዓት እንኳ ኮራሁ። ጥርሷ በስብሶ መግሉ ወደ ውስጥ እንደገባ፣ ሰውነቷም በወተትና በእህል ፈንታ በጣፋጭ ውሃ የኖረ ስለሆነ መቋቋም እንዳልቻለ ነገረኝ። «እናቷ ገና ትወልዳለች» አለኝ። «ከእኔ አፍ አይገባትም። አንተ በሚገባት ቃል ንገራት።»

እታለም ግቢው ውስጥ ካለ ግንብ ሥር የብርቄን ኩባያ ታቅፋ ተቀምጣ ነበር። «ምን አሉህ ወንድምዓለም?» አለችኝ።

ማስረዳት ሙያዬ ነው ብያለሁ። ቃሉም አልጠፋኝም ነበር። «ምች ነው አሉ» አልኳት።

«ምች?» ኩባያውን አገላብጣ አየችው። «አንድ ቀን ብቻ ነው ፀሐይ ላይ ያወጣኋት። ብርዱ ቢጠናባት፣ ትሙቅ ብዬ።»

እሱ አይደለም ማለት ይቻል ነበር። አላልኩም።

ቀብሩ ላይ እታለም በለቀስተኛው ፊት፣ ልጄ ጣፋጭ ሳታውቅ ሄደች አይባልም፣ ወንድሜ አቅምሷታል፣ ወንድሜ ይኑርልኝ እያለች አለቀሰች። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞሮ መረቀኝ። ምስጋና የምወድ ሰው ነኝ፣ አልደብቅም። የዚያን ቀኑን ምስጋና ግን እስከ ዛሬ የማኖርበት ቦታ አላገኘሁለትም። ቄስ አዲሱ ፍታቱን ጨርሰው በፊቴ አለፉ፤ አላመሰገኑኝም፣ አልወቀሱኝምም።

በሁለተኛው ዓመት እታለም ወንድ ልጅ ወለደች። ልጁ አፉን ሲፈታ ስኳር ላክልኝ ብላ ላከችብኝ። ስኳር ከአገር ጠፍቷል አልኩት መልእክተኛውን፣ የስኳር ጆንያ ተደግፌ። በስኳሩ ፈንታ ምስርና ሽምብራ ላክሁላት፤ በሁዳዴም ቢሆን ወተት እንዳትከለክለው አስጠነቀቅኋት። ልጁ በገንፎ፣ በወተትና በእንቁላል አደገ፤ ዛሬ የአርባ አምስት ዓመት ጎልማሳ ነው፣ ጥርሱም ሙሉ ነው። እታለምን ግን ሁለት ነገር አልለቀቃትም። ያን ልጅ እስኪያድግ ድረስ ቀትር ላይ ከቤት አላወጣችውም። ጣፋጭ ሳይቀምስ ማደጉንም እንደ በደል ቆጠረችው። ከዚያ ወዲህ ባገኘችው ልጅ አፍ ሁሉ ከረሜላ የምታኖረው ያን በደል ለመካስ ነው።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ያልወጣ ቃል የት እንደሚሄድ ግን የነገረኝ የለም። እኔ እንዳየሁት የትም አይሄድም፤ በነጠላ ጫፍ ተቋጥሮ ይኖራል።

የነገርኳት በጥር፣ ከጥምቀት በኋላ በነበረው ሳምንት ነው። እታለም በረንዳው ጥላ ሥር ተቀምጣ ቋጠሮዋን እየፈታች ነበር፤ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ አይቻት አላውቅም። ሶሊያና አጠገቧ አፏን ከፍታ ቆማለች። ያ የተከፈተ አፍ ነው ያናገረኝ። ልጅቷን ወደ ውስጥ ላክኋትና ከመጠቅለያው ወረቀት እስከ ድሬሰሩ ቃል ምንም ሳላስቀር ተናገርኩ። ተንተባተብኩ፣ የኋላውን ከፊት አደረግሁ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ክፉኛ ያስረዳሁት ነገር የለም።

እታለም ስለ ስኳሩ አንድም ነገር አልጠየቀችኝም። «ታዲያ ፀሐዩ አይደለም?» አለች።

«አይደለም።»

ቋጠሮዋን ፈትታ ከረሜላዎቹን እጄ ላይ አራገፈቻቸው። ከዚያ ተነሥታ፣ በርጩማዋን ይዛ፣ ፀሐዩ ወዳለበት ሄዳ ተቀመጠች።

በዚህ ዕድሜ ሰው ያደረገውን ይቆጥራል። የእኔ ይኸውላችሁ። ለስላሳ መጠጥ ከቤቴ አስወጥቻለሁ፤ በምግብ ሰዓት የሚቀርበው ውሃ ነው። ጠዋት ቅንጬና ገንፎ ወደ ገበታችን መልሻለሁ። ሶሊያና ምሳ ዕቃ ውስጥ በብስኩት ፈንታ እንቁላልና የተቀቀለ ሽምብራ አስገብቻለሁ፤ የመጀመሪያውን ሳምንት አለቀሰች፣ በሦስተኛው ረሳችው። ማር እንደ ድሮው ቀን እንዲኖረው አድርጌያለሁ። በዕድራችን ደንብ ላይ፣ ለቅሶ ቤት ለሕፃናት የስኳር ሻይ እንዳይሰጥ የሚል መስመር አስጨምሬያለሁ፤ አንድ ሰው ተቃውሞ ነበር፣ አስረዳሁት። ለእህቴ ከአርባ ሰባት ዓመት በኋላ እውነቱን ነግሬያታለሁ። የሶሊያናም አዲስ ጥርስ በቀደም ብቅ ብሏል፤ ነጭ ነው። መጀመሪያ ያየችው እታለም ናት፤ ና እይ ብላ ጠራችኝ። የጠራችኝ በስሜ ነው።