የዘንዶው እናት መካነ ሰላም የመጣች ዕለት

መካነ ሰላም እንግሊዝኛ ሳስተምር እሁድ ከሰዓት በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ፊልም እናሳይ ነበር። የቋንቋ ክበቡ ኃላፊ እኔ ስለነበርኩ፣ አቡጀዲ ከተወጠረበት ግድግዳ አጠገብ ቆሜ በፊልሙ ውስጥ የሚባለውን እግር በእግር እየተከተልኩ በማይክ ወደ አማርኛ እመልሳለሁ። ተማሪው ይመጣል፤ ባለሱቁም፣ የቢሮ ሠራተኛውም ይመጣል። ዘመድ ሊጠይቅ ከከላላ የመጣ ሰው በቅሎውን አጥሩ ላይ አስሮ ጎራ የሚልበት ጊዜም ነበር።

አንድ እሁድ አስቂኝ የአኒሜሽን ተረት አሳየን። ልዕልት ግንብ ውስጥ ተቆልፎባታል፤ ጠባቂዋ ዘንዶ ነው። ዘንዶው ግን እሳት ይፈራል። ባስነጠሰ ቁጥር ከገዛ አፉ የሚወጣውን ነበልባል አይቶ ይደነግጣል። ቀስ በቀስ ይግባባሉ፣ እንደ ወንድምና እህት ይሆናሉ፣ በመጨረሻም አብረው ጠፍተው ጫካ ዳር ቤት ይሠራሉ። ጥሩ ፊልም ነበር። አዳራሹ ግን ሞቅ አላለም። ዘንዶው ሲያስነጥሰው ሰው ይስቃል፣ መልሶ ዝም ይላል። ፊልሙ ግማሽ ከደረሰ በኋላ እንኳ ከኋላ አንድ ሰው «ቆይ፣ ለምንድን ነው የማይበላት?» ብሎ ጠየቀ። እኔም ቃል በቃል ለመተርጎም ስታገል ላብ በላብ ሆንኩ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ከደሴ የተመለሰች ባልደረባዬ ሁለተኛውን ክፍል በፍላሽ አመጣችልኝ። በመምህራን ማረፊያ ክፍል ይህን ስናገር የፊዚክስ መምህሩ ቀና አለና ሳቀ።

«ሁለተኛ ክፍል ማለት ቅራሪ ነው» አለ። «ጠላው አልቆ ድፍድፉ ላይ ውሃ ሲቸለስበት። ቀለሙ አለ፣ ስሙ አለ፣ ጣዕሙ የለም።»

ሁሉም ሳቁ። እውነቱን ለመናገር፣ እኔም በልቤ ከእሱ ጋር ነበርኩ።

ያን ሰሞን ቤቴ እንግዳ ነበረብኝ። ከተጋባን ዓመት አልሞላንም፤ የባለቤቴ እናት ከደጎሎ ወዲያ ካለው አገራቸው ገብሳቸውን ሰብስበው ሊጠይቁን መጥተው ነበር። ባለቤቴ የግብርና ባለሙያ ስለሆነ ብዙውን ቀን ገጠር ይውላል፤ ስለዚህ ቤት ውስጥ የምንቀረው እኔና አማቴ ነን። ክፉ ሴት አልነበሩም። ግን የበርበሬውን ዕቃ ከላይኛው መደርደሪያ ወደ ታችኛው ያወርዱታል፤ እኔ እመልሰዋለሁ፤ ማግስቱን ታች አገኘዋለሁ። በመጡ በመጀመሪያው ቀን የሠራሁትን ሽሮ ቀመሱ።

«አይ፣ ጥሩ ነው» አሉ። «ጨው ባይኖረውም ይበላል።»

ይቺን ንግግር ለሦስት ሳምንት ይዣት ዞርኩ። ለማንም አልተናገርኩም።

ፊልሙን አስቀድሜ ለማየት አንድ ቀን ከሰዓት ላፕቶፕ ከፍቼ ተቀመጥኩ። ገና ከመጀመሩ የዘንዶው እናት ከተራራ ወርዳ ልጇን ልትጠይቅ መጣች። ግዙፍ ናት። ስትገባ ጉበኑን በግንባሯ ገጨችውና በሩን ወቀሰችው። ልጇ በላባ ፍራሽ እንደሚተኛ ስታይ እንባዋ መጣ። ጠረጴዛውን በጅራቷ ጫፍ ጠረገችና አቧራውን ለብርሃን አሳየችው። ሆዴን ይዤ ሳቅኩ።

አማቴ ከጓዳ ብቅ አሉ። «ምንድን ነው እንዲህ የሚያስቅሽ ልጄ?»

«የሥራ ነገር ነው እማማ» አልኩና ላፕቶፑን ከደንኩት። አፈርኩ።

እሁድ አዳራሹ ሞላ። የፊዚክስ መምህሩ ፊት ለፊት እጁን አጣምሮ ተቀምጧል። ፊልሙ ተጀመረ፤ ዘንዶው ገና ብቅ ሲል፣ ሳያስነጥስ፣ ሰው መሳቅ ጀመረ። ያውቁታላ! ማን እንደሆነ፣ ምን እንደሚፈራ ማስረዳት አላስፈለገም። እኔም ዘና አልኩ። ቃል በቃል መከተሉን ተውኩና እንደ ሰፈሬ ሰው አናገርኳቸው። ዘንዶው ልዕልቷን «አብሽሪ፣ እናቴ ሁለት ቀን ነው የምትቆየው» አላት፤ ሕዝቡ ሁለት ቀን እንደማይሆን አውቆ አውካካ።

ከዚያ ልዕልቷ ሾርባ አቀረበች። የዘንዶው እናት ቀመሰች። በእንግሊዝኛ ምን እንዳለች ዛሬም አላስታውስም። ከእኔ አፍ የወጣው ግን ይህ ነው፤ ያውም በአማቴ ድምፅ፣ በአማቴ አነጋገር፦

«አይ፣ ጥሩ ነው። ጨው ባይኖረውም ይበላል።»

አዳራሹ ፈነዳ። ሴቶቹ ጭናቸውን መቱ፣ አንዷ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቀጠቀች። እኔም እየሳቅኩ ዓይኔን ወደ ሰዉ ጣል ሳደርግ ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ በሁለት ጎረቤቶቼ መካከል፣ አማቴ ተቀምጠዋል። ሊመጡ እንደሆነ አልነገሩኝም። እኔም አልጋበዝኳቸውም ነበር።

የዘንዶው እናት ትናገራለች፣ እኔ ማይኩን ዝቅ አድርጌያለሁ። ሰው ዞር ዞር ማለት ጀመረ።

አማቴ ብድግ አሉ።

«እኔ እንደሱ አላልኩም!» አሉ፣ ድምፃቸው ያለ ማይክ እስከ በሩ ተሰማ። «ጨው ቢጨመርበት ነው ያልኩት!»

ከዚያ መጀመሪያ የሳቁት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ፣ እንባቸውን በመቀነታቸው ጫፍ እየጠረጉ ሳቁ። ቀጥሎ የሆነው ሳቅ የቆርቆሮውን ጣራ ያነሳው ነበር። ነፍሴ ተመለሰች፤ ትርጉሙን ቀጠልኩ።

ወደ መጨረሻው አካባቢ ልዕልቷ ሌሊቱን ሙሉ አፅድታ፣ አብስላ፣ ደክሟት ምድጃው አጠገብ ተኝታለች። የዘንዶው እናት ልትወቅሳት አፏን ስትከፍት አማቴ ከሦስተኛው ረድፍ «ተያት!» ብለው ጮኹባት። «አታያትም እንዴ? ደክሟታል እኮ ልጅቷ!» የዘንዶው እናትም፣ የሰማቻቸው ይመስል፣ አፏን ዘጋች፤ ክንፏን ዘርግታ ልጅቷን አለበሰቻት። እኔ ያን ጊዜ መተርጎም አልቻልኩም። ደግነቱ የሚተረጎም ነገር አልነበረም።

ሲያልቅ ሰዉ ቆሞ አጨበጨበ። የፊዚክስ መምህሩ ሁለት እጁን ወደ ላይ አንስቶ መጣ። «ተማርኬያለሁ» አለ። «ግን ንገሪኝ፣ ያኛውን ያልወደድነው ለምንድን ነው?»

ያኔ የመለስኩለትን አሁንም አምንበታለሁ። የመጀመሪያው ፊልም ጊዜውን የሚያጠፋው ሰዎቹን በማስተዋወቅ ነው፤ ይህ ይባላል፣ ይህን ይፈራል፣ እዚህ ይኖራል። ሁለተኛው ሳያንኳኳ ይገባል። ቀልዱን የሚያወጣው ከማስነጠስ ሳይሆን ከምናውቀው ፀባይ ነው። ደግሞም የመጀመሪያው «በደስታ ኖሩ» ብሎ በሩን ይዘጋብናል። ደስታው በማግስቱ ጠዋት ምን ይመስላል? አንዱ በአንዱ ቤት ሲገባ ዕቃው የት ይቀመጣል? ከግንብ ማምለጥ በማናችንም ላይ አልደረሰም፤ ከሰው ጋር መኖር ግን አዳራሹ ውስጥ የነበረው ሁሉ የሚያውቀው ሥራ ነው። ጥሩ ሁለተኛ ክፍል ይህን የሚደፍር ነው።

ወደ ቤት ስንሄድ አማቴ ክንዴን ያዙኝ። ጭቃውን እየሸሸን ትንሽ ተጓዝን።

«ያን ያህል ነው እንዴ የምከብደው?» አሉኝ።

«አንዳንዴ እማማ» አልኳቸው። ይህን በመናገሬ ራሴ ገረመኝ።

«እኔም አማት ነበረችኝ» አሉ። «ዘንዶ ይሻላል።» መንገድ ላይ ቆመን እንደ ልጃገረድ ተንከተከትን።

ያላየው ሰው ብዙ ስለነበር በሚቀጥለው እሁድ ፊልሙ እንዲደገም ተጠየቀ። ከአጅባር እንኳ የመጡ መምህራን ነበሩ። አማቴ በጊዜ ለባብሰው፣ ፀጉራቸውን ሹሩባ አሠርተው ጠበቁኝ። አዳራሽ ስንደርስ ግን ሦስተኛው ረድፍ ላይ አልተቀመጡም፤ ተከትለውኝ እስከ ግድግዳው መጡ።

«የእናትየዋን እኔ ልበልልሽ» አሉ። «አንቺ አሳነስሻት።»

በጆሯቸው ሹክ እላቸዋለሁ፣ እሳቸው በራሳቸው መንገድ ይሉታል። ግማሹ ፊልሙ ውስጥ የለም፤ ስለ ገብስ፣ ስለ ደጎሎ ብርድ፣ ስለ ዛሬ ልጆች ነው። ማንም አልተከፋም። ሕዝቡ ከመሳቁ ብዛት ሁለት ጊዜ ፊልሙን አቁመን መጠበቅ ነበረብን። ፊልሙ አልቆ መብራት ሲበራም እሳቸው ማይኩን እንደያዙ ቆመው ለሕዝቡ ምርቃት እያወረዱ ነበር፤ ሕዝቡም በአንድ ድምፅ «አሜን!» ይላል።