«አላገኘሁትም» እና «አይገኝም»

ይህ ነገር የደረሰብኝ ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ እንግሊዝ አገር፣ ኪልበርን በሚባል ሰፈር ቻይንኛ እማርበት በነበረ ክፍል ነው። ዛሬም ሰው ስለ ቋንቋ ትምህርት ሲያወራ በሰማሁ ቁጥር ያ ማክሰኞ ይመጣብኛል። ለብዙ ሰው አውርቼው አላውቅም።

የምሠራው ሆቴል ሪሴፕሽን ላይ ነበር። የቻይና እንግዶች በዝተውብን ስለነበር ማናጀራችን ኮርስ መውሰድ የሚፈልግ እንዳለ ሲጠይቅ ቀድሜ እጄን አወጣሁ። እውነቱን ለመናገር ቻይንኛ ግድ ሰጥቶኝ አልነበረም። ከሥራ እንደወጣሁ ቤት መግባት ስለፈራሁ ነው። ቤት ስገባ እናቴ ከአዲስ አበባ ትደውላለች። ስትደውል ደግሞ ሰላምታዋን ሳትጨርስ «የሄኖክ ወሬ አለ?» ትለኛለች።

ሄኖክ ታናሽ ወንድሜ ነው። በሱዳን በኩል አድርጎ ሊቢያ ገብቶ ነበር። «ነገ ባሕር ላይ ነን፣ ጸልዩልኝ» ብሎ ደወለ፤ ከዚያ ወዲህ ድምፁ ጠፋ። ያልጠየቅኩት ሰው፣ ያልደወልኩበት አገር አልነበረም። በመጨረሻ በጀልባዋ ላይ አብሮት የነበረ አንድ ሰው እዚሁ ከተማ፣ ሃርልስደን እንደሚኖር ሰማሁና ሄጄ አገኘሁት። ሻይ አዘዘልኝ። ዓይኔን ማየት አቅቶት ወደ ጠረጴዛው እያየ፣ «እህቴ፣ ውሃው ሲወስደው በዓይኔ አይቻለሁ» አለኝ።

ይህን ለማንም አልተናገርኩም። እናቴ የልብ ሕመምተኛ ናት። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ማን ቤቷ ሄዶ ይንገራት? ከሰማች በኋላስ ምን ትሆናለች? ይህን እያሰብኩ ወራት አለፉ። በደወለች ቁጥር «እየፈለግኩት ነው እማዬ» እላታለሁ።

አስተማሪያችን ሚስ ሊን የምትባል፣ በእኔ ዕድሜ ያለች ሳቂታ ሴት ነበረች። የዚያን ማክሰኞ ያስተማረችን አንድ ግሥ ከኋላው ምን ምን እንደሚያስከትል ነው።

«ግሡ ብቻውን የሚናገረው ሙከራውን ነው» አለች። «ውጤቱን ለመናገር ሌላ ቃል ከኋላው ታስከትላላችሁ።»

«ቺ» መብላት ነው፤ «ቺ ባው» ሲሆን በልቶ መጥገብ። «ጃው» መፈለግ ነው፤ «ጃው ዳው» ሲሆን ፈልጎ ማግኘት። በእኛ ቋንቋ መፈለግና ማግኘት የማይዛመዱ ሁለት ቃላት ናቸው። በእነሱ ግን ማግኘት ማለት ፈልጎ መድረስ ነው። ነገሩ ስለማረከኝ ለጊዜው ሐሳቤን ሁሉ ረስቼ ነበር።

ከዚያ «ፈለግኩ፣ አላገኘሁም» የሚል ዓረፍተ ነገር በየተራ እንድንሠራ አዘዘችን። «ተሳቢውን፣ የጠፋባችሁን ነገር፣ ከራሳችሁ አምጡ» አለች። አንዱ ቁልፍ አለ። ሌላዋ ጃንጥላ አለች። እኔ ስልኬን ልል ነበር። ተራዬ ሲደርስ ከአፌ የወጣው ግን «ዲዲ» ነው፤ ታናሽ ወንድም ማለት ነው።

«ወ ጃው ዲዲ፣ ጃው ቡ ዳው» አልኩ።

ሚስ ሊን በፈገግታ አረመችኝ። «‹ቡ› መሃል ከገባች ‹አይገኝም› ይሆንብሻል፤ ብትፈልጊም አትደርሺበትም ማለት ነው። አንቺ ማለት የፈለግሽው ‹ሜይ ጃው ዳው› ነው፤ ‹አላገኘሁትም›። ነገ ሊገኝ ይችላል። ለመሆኑ ወንድምሽ የት ተደብቆ ነው?»

ክፍሉ ሳቀ። እኔም ልስቅ ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም።

«አልተሳሳትኩም» አልኳት በእንግሊዝኛ። «ማለት የፈለግኩት ያንኑ ነው። ወንድሜ ባሕር ውስጥ ነው ያለው።»

ሚስ ሊን ደነገጠች። በእጇ የያዘችውን ማርከር አስቀምጣ አጠገቤ መጣችና በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እንግዲያው ዓረፍተ ነገርሽ ልክ ነው» አለችኝ።

ትምህርቱ ሲያልቅ እስከ አውቶቡስ ፌርማታው ተከተለችኝ።

«እናት አለሽ?»

«አለች።»

«ታውቃለች?»

«አታውቅም። ማንም አያውቅም።»

እንዲህ አድርጊ፣ እንዲያ አድርጊ አላለችኝም። አውቶቡሱ ሲመጣ ቤቷ በሌላ በኩል ሆኖ ሳለ አብራኝ ተሳፈረች። ቤቴ እስካለበት እስከ ኬንቲሽ ታውን አጠገቤ ተቀመጠች። ልወርድ ስነሳ ክንዴን ያዝ አድርጋ፣ «ለእኔ ነገርሽኝ፤ ጥሩ ነው። አሁን ደግሞ በቋንቋሽ ለአንድ ሰው ንገሪ» አለችኝ።

ወደ ቤቴ አልገባሁም። ከእኔ በታች ባለው ፍላት የሚኖሩት አደይ ለተብርሃን የሚባሉ ኤርትራዊት እናት ናቸው፤ አማርኛን አሥመራ ትምህርት ቤት የተማሩ። በራቸውን አንኳኳሁ። ገና ሲከፍቱልኝ «አደይ፣ ወንድሜ ሞቷል» አልኳቸው። ይህን ቃል በአማርኛ ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር። ጎትተው አስገቡኝና እቅፍ አድርገው፣ «በይ አልቅሺ ልጄ፣ አልቅሺ» አሉኝ።

በማግስቱ ለአጎቴ ደወልኩ። እሱ የነፍስ አባቷንና ሁለት ሽማግሌዎችን ይዞ በሚቀጥለው ቀን ማለዳ እናቴን አረዳት። ከሰዓት በኋላ ራሷ ደወለችልኝ። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር የጠበቅኩት። «አንቺ ልጅ፣ እንዴት ብቻሽን ቻልሽው?» አለችና ለእኔም ጭምር አለቀሰች።

እኔም ቤቴ ለልቅሶ ተቀመጥኩ። በሦስተኛው ቀን የማላውቀው ቁጥር ደወለ፤ ሚስ ሊን ነበረች። ከሐሙሱ ክፍል መቅረቴን አይታ፣ ቁጥሬን ከመዝገቡ ፈልጋ ነው። አድራሻዬን ጠየቀችኝ። ብርቱካን የሞላ ከረጢት ይዛ መጣች። ሳሎኑ ጥቁር በለበሱ ሴቶች ሞልቶ ስታይ በሩ ላይ ቆመች፤ ጫማዋን ታውልቅ አታውልቅ ግራ ገባት። አደይ ለተብርሃን ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁላትና በአማርኛ፣ «ነይ እናቴ፣ እዚህ ቁጭ በይ» አሏት። የገባት ይመስል ሄዳ ተቀመጠች።

ጥቂት ከቆየች በኋላ ወደ እኔ ዞራ፣ «ስሙ ማን ነበር?» አለችኝ።

«ሄኖክ» አልኳት።

አስተካክላ እስክትጠራው ድረስ ደጋግማ ሞከረችው። ሲሳካላት ሴቶቹ አንገታቸውን ነቀነቁላት፤ እሷ ግን ፊቷን በእጇ ሸፍና አለቀሰች።

ኮርሱን አልጨረስኩም። ሚስ ሊንም ወደ ሌላ ከተማ ሄደች መሰለኝ፤ ስልኳ አይሠራም። ሐዘኑ አለ፤ መቃብር የሌለው ሰው ሐዘኑ ቶሎ አይወጣም። አሁን ግን ከእናቴ ጋር ስናወራ ስሙን ማንሳት አንፈራም። ልጅ ሳለ የዝናብ ጎርፍ ውስጥ እየገባ ያስቸገረንን ታነሳልኛለች፤ አንዳንዴም እንስቃለን። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ወዲያው አልነሳም። መብራት ሳላበራ ትንሽ ቁጭ እላለሁ።