በጋሽ ማስረሻ ፈንታ ተቀየምኩ

ጋሽ ማስረሻ የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ናቸው። በከተማችን ከፍራንኮ ሰፈር እስከ ቦኩ ሰፈር ያላንኳኩት በር የለም። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ የኮሌጆችን እግር ኳስ በመሀል ዳኝነት ያጫውታሉ። እኔ ሰንበታ እባላለሁ፣ የመስመር ዳኛቸው ነኝ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ሞጆ ደረቅ ወደብ ላይ ከሹፌርና ከጉምሩክ ሰው ጋር ስጨቃጨቅ እውላለሁ፤ ንዴት ለእኔ ብርቅ አይደለም። እሳቸው ሲናደዱ ግን አይቼ አላውቅም። ሌባ ይሏቸዋል፣ ዕውር ይሏቸዋል። አንዴ የተወረወረ የውሃ ፕላስቲክ ጆሯቸውን ታክኮ አለፈ፤ አንስተው ከሜዳ አወጡትና ጨዋታውን አስቀጠሉ።

ባለቤታቸው እትዬ ሰብለወንጌል በጥቅምት አረፉ። ልጅ አልወለዱም ነበር። ለቅሶው ላይ ጋሽ ማስረሻ አንዲት ዘለላ እንባ አልወጣቸውም፤ ሰው ሁሉ አልቅሱ፣ ይውጣልዎት ቢላቸው እሺ ይላሉ። አርባው በወጣ በሳምንቱ ፊሽካቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ሜዳ መጡ። አንጀቴን በሉት።

ጨዋታው ግማሽ ፍጻሜ ነበር። የአንደኛውን ኮሌጅ ደጋፊ የምትመራው ሃዊ የምትባል የአካውንቲንግ ተማሪ ናት፤ ከደራ የመጣች፣ ቢጫ ጀሪካን እየደበደበች ያንን ሁሉ ሰው የምታስጨፍር፣ ለመመረቅ ስድስት ወር የቀራት። እውነቱን ልናገር፣ ጉደኛ ልጅ ናት፤ ስታበሽቀኝ እንኳ ሳቄ ይመጣል። ዳኛ ሲያናድዳት የምታወጣት አንዲት ዜማ አለቻት። ስም እየቀየረች ለማንኛውም ዳኛ ታወጣታለች፣ እኛም ሁለት ዓመት ሙሉ ሰምተናታል። ጋሽ ማስረሻ የዚያን ቀን ፍጹም ቅጣት ምት ሲከለክሏት አወጣቻት።

«ማስሬ፣ ቤትህ ግባ!» አለች ሃዊ።

«ማን አለ ቤትህ?» ብሎ ተቀበላት ሕዝቡ።

ደሜ ፈላ። ባንዲራዬን ወርውሬ ወደ ደጋፊው ሮጥኩ፣ ጀሪካኑን ነጥቄ በእግሬ ረጋገጥኩት። ልጅቷ አፏን ከፍታ ታየኛለች። የሰውዬው ሚስት መሞቷን ስነግራት ባለችበት ቁጭ አለች። አታውቅም ነበር። ጋሽ ማስረሻ መሀል ሜዳ ቆመው ሰዓታቸውን ያያሉ። ባንዲራህን አንሳ፣ ደቂቃ እየባከነ ነው አሉኝ።

ኮሌጁ ነገሩን ለዲሲፕሊን ኮሚቴ መራው። ያቤጽ የሚባል መምህር ተከራከረላት፤ ሜዳ ላይ የተዘፈነ ሁሉ ከተከሰሰ ተማሪው አፉን የት ይክፈት፣ ልጅቷም አላወቀችም፣ ይቅርታም ጠይቃለች አለ። ሰብሳቢዋ ደግሞ ሐዘንተኛ ሲሰደብ ዝም ካልን ምኑን አስተማርን አሉ። በመጨረሻ ሁሉም ነገር ጋሽ ማስረሻ ላይ ወደቀ፤ ተሰድቤአለሁ ብለው ከፈረሙ ሃዊ አንድ ዓመት ትታገዳለች፣ ካልፈረሙ ትመረቃለች።

ወረቀቱን መልሰው ገፉት።

«አልተቀየምኩም» አሉ። ሰብሳቢዋ እንዴት አይሰማዎትም ቢሏቸው ትንሽ አሰቡ። «ቤቴ ገብቼ ይሰማኝ እንደሆነ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። ምንም አልመጣም።»

እኔ ግን አልበረደልኝም። ሰውዬውን ሐዘን አደንዝዟቸዋል፣ ስለ እሳቸው የሚናገር ወገን ያስፈልጋቸዋል አልኩ። ማን ሾመኝ? ማንም። ምስክር ነኝ ብዬ ገባሁና ክብራቸው ተነክቷል፣ ቁስላቸው ተቀስቅሷል እያልኩ ሁለት ገጽ ሞልቼ ፈረምኩ። የሰውዬውን ልብ ከሰውዬው በላይ አውቄ! ኮሚቴውም ተበዳዩ ባይፈርሙም የዓይን ምስክር ይበቃል አለ። ሃዊ ታገደች፣ ሻንጣዋን ይዛ ደራ ገባች።

ከዚያ ወዲህ ደጋፊ ዳኛ ላይ እንዳይዘፍን ተከልክሏል። ጋሽ ማስረሻ ሜዳ ሲገቡ ተማሪው ጸጥ ይላል፤ የሚሰማው ፊሽካቸው ብቻ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ዕረፍት ላይ ዛፍ ሥር ጎን ለጎን ተቀመጥንና፣ አዩ እንዴት እንዳከበሩዎት አልኳቸው። የጫማቸውን ክር ፈትተው እንደገና አሰሩ። ያቺ ልጅ መቼ ነው የምትመለሰው ብለው ጠየቁኝ። በሚቀጥለው ዓመት አልኳቸው።

«ሩቅ ነው» አሉ። «ሰብለ ካረፈች ወዲህ ማስሬ ብሎ የጠራኝ እሷ ብቻ ናት።»

ፊታቸው ላይ ምንም የለም። ቆጣሪ ሲያነቡም እንዲሁ ነው የሚናገሩት። እኔ ግን አፈርኩ፤ ሁለተኛውን አጋማሽ እንዴት እንደጨረስኩት አላውቅም። ሰኞ ሞጆን ትቼ ኮሌጁ ሄድኩና ፊርማዬን ልሰርዝ ብዬ ለመንኩ። ሰብሳቢዋ ወንበር ሰጡኝ፣ በደንብ አዳመጡኝ። ውሳኔው ጸድቋል፣ ደግሞም እርስዎ ተበዳዩ አይደሉም አሉኝ።