ማግ የሌለው ድር

አንኮበር ገበያ ቆማችሁ «የአሊዩ አምባው ሸማኔ ታጁ የታለ?» ብትሉ ትከሻውን የሚሰብቅባችሁ ይበዛል። «ጉም ዘጋኙስ?» ካላችሁ ግን ትልቁም ትንሹም በእጁ ወደ ጋራው ያሳያችኋል። ስሙ ሲወጣለት ለስድብ ነበር። የማይሆን ነገር የሚሞክረውን ሰው ጉም ልትዘግን ነው ወይ ብሎ ማሾፍ የቆየ ነገር ነው፤ ታጁ ደግሞ የምሩን ሊዘግን ተነሳ። ያኔ ሲስቁበት የከረሙት ዛሬ «የኛ ሰው» ይሉታል። ይበሉ፤ ማን ምን እንዳለው ግን አይረሳም።

ታጁ የሸማኔ ልጅ ሸማኔ ነው። አሊዩ አምባ ተወልዶ፣ አባቱ እግራቸውን ሰደው ከሚሸምኑበት ጉድጓድ አጠገብ አድጎ፣ መወርወሪያ የያዘው እግሩ መርገጫው ላይ በቅጡ ሳይደርስ ነው። የሠራውን ጋቢ በአህያ ጭኖ ዳገቱን ወደ አንኮበር ይወጣል። ከመሸበት ጋራው ጫፍ ላይ እትዬ ንጋቷ የሚባሉ ባላቸው የሞተባቸው ሴት ቤት ያድራል። አባቱም እዚያው ያድሩ ነበር። ሃይማኖታቸው ቢለያይም ቤቱ የዘመድ ቤት ነው፤ እትዬ ንጋቷ ለአሊዩ አምባ እንግዶቻቸው ብቻ የሚያበስሉበት ድስት ለብቻው አስቀምጠዋል፤ ማንም አይነካውም።

እኚህ ሴት በበጋ ውኃ የሚቀዱት ከገደሉ ሥር ነው። ጀሪካኑን አዝለው በየመሀሉ እያረፉ ሲወጡ ታጁ ባየ ቁጥር ያሳዝኑታል። የሚያበሳጨው ደግሞ ጋራው ጠዋት ጠዋት ከቆላ በሚወጣ ጉም ታፍኖ ማርፈዱ ነው። ውኃው በደጃቸው እያለፈ እሳቸው ውኃ ፍለጋ ገደል ይወርዳሉ።

አንድ ጠዋት አስታ ዛፍ ሥር ቆሞ አህያውን ሲጭን አንገቱ ላይ ጠብ ጠብ አለበት። ቀና ቢል ዝናብ የለም። ከዛፉ ወዲያ መሬቱ ደረቅ ነው፤ ከዛፉ ሥር ግን ጭቃ። ሌላ ሰው ቢሆን አንገቱን ጠርጎ ወደ ገበያው ይሄድ ነበር። ታጁ ዛፉን ሲያይ ዋለና ጋቢው ሳይሸጥ ቀረ።

መጀመሪያ የሠራው ሸማኔ የሚሠራውን ነው። በናይለን ክር ድሩን ቁልቁል ዘርግቶ፣ ማጉን አግድም አስገብቶ፣ ሳሳ ያለ መረብ ሠራና በባሕር ዛፍ ቋሚዎች መካከል ወጠረው። ጉሙ መጣ፣ መረቡም ራሰ። ጠብታው ግን ድርና ማጉ በተገናኙበት ሁሉ ተቀርቅሮ ቀረ፤ ጣሳ እንኳ ሳይሞላ ነፋሱ መረቡን ከነቋሚው ገነደሰው። ያ የስድብ ስም የወጣለት ያኔ ነው። ሚስቱ ዙቤዳ ስሙን ገበያ ላይ ሰምታ ስትመለስ፣ ከሰው እኩል እንዳንቆም አደረግከን ብላ ክሩን አፍሳ ደጅ ጣለችው። መልሳ የለቀመችውም እሷው ናት፤ እሱ ሲለቅም ሰው እንዳያየው ብላ ነው።

ታጁ ወደ አስታው ተመለሰ። ከቅርንጫፎቹ ላይ ሰው የዛፍ ሽበት የሚለው ነገር ተንጠልጥሏል። ሽበቱ ሁሉ ቁልቁል ነው የወረደው፤ አግድም የሚያቋርጠው የለም። ጠብታው ይያዛል፣ ይከብዳል፣ ተንሸራቶ ይወርዳል። ለካስ እንቅፋቱ ማጉ ኖሯል።

ይኼ ለሸማኔ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ድር ሲዘረጋ ሚስትም ልጅም ያግዛል፤ ሸማኔን ሸማኔ የሚያሰኘው ማጉ ነው፣ የእጁ ጥበብ ያለው እዚያ ላይ ነው። ማግ የሌለው ነገር ልሥራ ማለት እኔ ልቅር ማለት ነው። የአሊዩ አምባ አሮጌ ሸማኔዎች ወሬውን ሲሰሙ ተሰብስበው ዱዓ አደረጉለት፤ አላህ አእምሮውን ይመልስለት ብለው። እሱ አሚን ብሎ አብሯቸው ጨረሰና ወደ ጋራው ወጣ።

ድሩን ብቻ፣ ክር በክር፣ ከላይ ወደ ታች ወጠረው። ከሥሩ ለሁለት የተሰነጠቀ ቱቦ አጋደመ፤ ከቱቦው ጫፍ በርሜል አቆመ። በማግስቱ እትዬ ንጋቷ ጀሪካናቸውን አዝለው ሊወርዱ ሲሉ በርሜሉን ገለጥ አድርገው አዩ። አማተቡ። ከዚያም ጀሪካኑን ከጀርባቸው ሳያወርዱ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው አለቀሱ።

ጎረቤቱም መቅዳት ጀመረ። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ምን ነበረበት።

ዓመት ሳይሞላ በልጉ ቀረ። የዚያ ጋራ ሰው ገብሱን የሚያበቅለው በበልግ ነው፤ በልግ ከቀረ ጓዳው ባዶ ነው። ደመናው ይመጣል፣ ያንዣብባል፣ ያልፋል። ሰው ሲጨንቀው መቼም ጥፋተኛ አያጣም፤ ጉሙን የያዘ እጅ ዝናቡንም አስሮታል ተባለ። ወሬውን ማን እንደጀመረው አይታወቅም፤ ፊት ሆኖ የመጣው ግን የእትዬ ንጋቷ የማሳ አዋሳኝ ገብረጻድቅ ነው። ክፉ ሰው አይደለም። ዘሩ መሬት ውስጥ የቀረበት ሰው ነው። መጥረቢያ የያዙ ጎረምሶች አስከትሎ መጣና ዝናብ አሳሪ ከመንደራችን ይውጣ አለ።

እትዬ ንጋቷ መሬቱ የኔ ነው፣ መጀመሪያ እኔን ቁረጡ ብለው ክሩ ፊት ቆሙ። ታጁ አያቸው። እሱ ወርዶ አገሩ ይገባል፤ እሳቸው ግን ከዚሁ ሰው ጋር ነው የሚኖሩት፣ ሲታመሙም የሚጠይቃቸው ይኸው ሰው ነው። በእሱ ክር የተነሳ ከጎረቤት እንዲጣሉ አልፈለገም። ማንም መጥረቢያ ሳያነሳ ራሱ ክሩን አንድ በአንድ ፈታው። አህያው ላይ ጭኖም ወደ አሊዩ አምባ ወረደ።

ሳምንት ሳይቆይ ዝናቡ ወረደ። ምነው ትንሽ ቢቀድም፣ ወይ ትንሽ ቢዘገይ! ታጁ ጉድጓዱ ውስጥ እንደተቀመጠ ነጎድጓዱን ከላይ ሲሰማ መወርወሪያው ከእጁ ወደቀ። ለገበሬው ደስ አለው፤ ለራሱ ግን አለቀለት፤ ክሩ ሲፈታ ዝናቡም ተፈታ መባሉ አይቀርም። ዙቤዳም አልደበቀችም። እስካሁን ያሾፉብን ነበር፣ ከእንግዲህ ይፈሩናል፤ የዝናብ አሳሪ ልጅ ማን ያገባል ብላ እዬዬ አለች።

በገበያው ቀን ገብረጻድቅ ሙክት እየጎተተ አሊዩ አምባ ወረደ። ሙስሊም ራሱ ያረደውን እንጂ እንደማይበላ ያውቃልና በጉን ከነነፍሱ አምጥቶታል። በሕዝቡ መሀል ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ። ያለፈውን ይቅር በለን፣ በየዓመቱ እንዲህ ያለ ሙክት እናመጣልሃለን፣ ብቻ ዝናቡን አትሰርብን አለ።

እስቲ አስቡት። ያን በግ ቢቀበል ዳግመኛ የሚስቅበት አይኖርም። በየበልጉ ከየጋራው ሙክት ይጎተትለታል፤ ሽመናውን ትቶ ተከብሮ ይኖራል። እንዲህ ያለውን ብዙ ሰው ተቀብሏል፣ ከዚህ ባነሰም። ታጁ በጉን አየ፣ ዙቤዳን አየ፣ ከዚያ ገመዱን መልሶ ገብረጻድቅ እጅ ላይ አኖረ።

«ጋሼ ገብረጻድቅ፣ ይኼን ከተቀበልኩ ሌባ ነኝ» አለ። «ዝናቡ የአላህ ነው፤ የሱን ሥራ በስሜ አልሸጥም። የኔ ሥራ ክሩ ነው። በጉን ይውሰዱና እጅዎን ያምጡልኝ፤ ዳግመኛ ስወጥር ጫፉን ይያዙልኝ።»

የመጣ እጅ መንሻ መመለስ ነውር ነው፤ ገበያው አጉረመረመ። ገብረጻድቅ ፊቱ ቀልቶ በጉን ዳገቱን ይዞት ወጣ። ዙቤዳ ግን ያን ዕለት በገበያው መሀል አንገቷን ቀና አድርጋ አለፈች። የባልሽ ሥራ ምንድን ነው የሚላት ቢኖር ሸማኔ ነው የሚል መልስ አፏ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር፤ የጠየቃት የለም።

በጋው ገብቶ ታጁ ክሩን ጭኖ ሲወጣ ገብረጻድቅ እትዬ ንጋቷ ደጅ ቆሞ ጠበቀው። ይቅርታም አልጠየቀ፣ ሰላምታውንም በቅጡ አልጨረሰ፤ ጫፉን ያዘ። ታጁ አውቆ ማሰሩን ለእሱ ተወለት፤ እያንዳንዷን ክር የቋጠረው ገብረጻድቅ ነው። ጉሙ ሲመጣ ራሱ ባሰረው ክር ላይ ጠብታ ሲወርድ አየ፣ በመዳፉ ተቀብሎ ቀመሰ፣ ቤቱ ሄዶ ጀሪካን ይዞ መጣ።

ዘንድሮም በልጉ ዘገየ። ከማዶ ጋራ ሰዎች መጥረቢያ ይዘው መጡ፤ ዝናባችንን ያሰረውን አውጡ አሉ። ታጁ እዚያው ነበር። ነገሩን ያውቀዋልና ሊፈታው ተነሳ፣ የመጀመሪያውን ቋጠሮም ያዘ። ገብረጻድቅ እጁን ከቋጠሮው ላይ አነሳለትና ፊት ወጣ።

«ያሰረውን ነው የምትፈልጉት?» አለ። «ያሰርኩት እኔ ነኝ። ቋጠሮውን እዩ፣ የገበሬ ቋጠሮ ነው፣ የሸማኔ አይደለም። ማሳዬ ያውና፣ ገብሴ ከናንተ ገብስ እኩል እየደረቀ ነው። ዝናብ ማሰር ብችል የልጆቼን እህል አደርቅ ነበር?»

ሰዎቹ ማሳውን አዩ። ቢጫ ነው። እርስ በርስ ተያዩ፣ መጥረቢያውን መሬት ላይ አስደገፉት። እትዬ ንጋቷ ዳገት የወጣ ሰው ይጠማዋል ብለው ከበርሜሉ በጣሳ እየቀዱ አዞሩላቸው። ጠጡ። አንደኛው ጣሳውን ሲመልስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ይኼ ነገር በኛ ጋራ ላይስ ይሠራ ይሆን ብሎ ጠየቀ።

ታጁ ሊመልስ ቀና አለ። ቀድሞ የመለሰው ግን ገብረጻድቅ ነው።

«እንመጣለን» አለ።