ላስቲኩ ያልተላጠ መኪና

ባለቤቴ ሐምሌ ላይ ሞተች፤ መኪናዋ ጥቅምት ላይ መጣች። በመሀሉ አርባዋ ወጣ፣ ድንኳኑ ተነቀለ፣ የእድሩ ወንበርና ድስት ተመለሰ፣ እኔም ቢሮዬ ገብቼ የሰው ፋይል ማገላበጤን ቀጠልኩ።

መኪናዋን ያዘዘችው እሷ ነበረች። እኔ መንጃ ፈቃድ ኪሴ ውስጥ አጣጥፌ በእግሬ ስሄድ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ደብረ ማርቆስን ከዳር እስከ ዳር ለመጨረስ አንድ ጥሩ ሐሜትና አንድ ጥሩ ጓደኛ ይበቃል እያልኩ እከራከራት ነበር። እሷ ግን አስተማሪ ነበረች። አንድ ነገር ካሰበች፣ ክፍል ውስጥ ያለች ይመስል፣ ሁላችንም እስኪገባን ድረስ ትደጋግመው ነበር። አንድ ቀን ማታ ራት ስንበላ ስልኳን አምጥታ የቀለሞቹን ሥዕል አሳየችኝ። ነጭ፣ ግራጫ፣ ጥቁር፣ ከዚያ ደግሞ ከሰማያዊና ከአረንጓዴ መሀል የሆነ አንድ ስም ያልወጣለት።

«ይሄማ የባሕር ዛፍ ቡቃያ ነው» አልኳት፣ ላሾፍባት ብዬ።

«እሱን ነው የፈለግኩት» አለች።

እውነቷን ነው፤ እኛ ከተማ ያለው መኪና ሁሉ ነጭ ነው። የገበያ ቀን ባለመኪኖቹ የራሳቸውን ለማግኘት የመኪናውን ሁሉ በር እያንኳኩ የሚሄዱ ነው የሚመስለኝ።

የመጣችበትን ቀን አስታውሳለሁ። ማስታወስ እንጂ ሌላ ነገር አልተሰማኝም። ከሞጆ ደረቅ ወደብ የነዳት ሹፌር መንገድ ሲዘጋበትና ሲከፈትለት፣ ሉማሜ ላይ የከተማውን ሻይ ጨርሶ ወደ ስኳሩ እስኪገባ ድረስ ሰንብቶ፣ በመጨረሻ በራችን ላይ ክላክስ ነፋ። እኔና ልጄ ጥቁር ለብሰን በሩን ስንከፍት፣ መኪናዋ ከጣሪያዋ እስከ በሮቿ ድረስ ነጭ ላስቲክ ተለጥፎባት፣ ለጥምቀት እንደተዘጋጀ ዲያቆን ነጭ በነጭ ሆና ገባች። ቀለሟ የሚታየው በጎማዎቹ ዙሪያ ባለው ጠባብ ጠርዝ ብቻ ነበር፤ እሱም ጭቃ ለብሷል።

ሹፌሩ ጥቁሩን ልብስ አይቶ እንኳን ደስ አላችሁ ማለቱ ከበደው። እግዜር ያጥናችሁ ብሎ ቁልፉን ሰጠኝ። አዲስ መኪና ሲረከብ እግዜር ያጥናህ የተባለ ሰው ከእኔ በፊት ያለ አይመስለኝም። ሊወጣ ሲል ዞር ብሎ፣ «ጋሼ፣ ላስቲኩ ለመንገድ ነው እንጂ ለኑሮ አይደለም። ቶሎ አንሱት። ፀሐይ ከጋገረው ቀለሙን ይዞ ነው የሚነሳው» አለኝ።

እሺ አልኩት። በዚያ ሰሞን ለሁሉም እሺ ነበር የምለው። አንድ ሰው መጥቶ የቤትህን ቆርቆሮ ልንቀለው ቢለኝ መሰላል አቀብለው ነበር።

ስለዚህ አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ ከአምበር መጥተው ተቃራኒውን ሲነግሩኝም እሺ አልኩ። አማቴ ያሉት እንዲህ ነው፦ በሐዘን ዓመት አዲስ ልብስ አይለበስም፣ ግድግዳ አይቀባም፣ አዲስ ነገርም አይገለጥም። መኪናዋን ከአዲስ ልብስ ለይተው አላዩዋትም። ላስቲኳ ከተላጠች ተለበሰች ማለት ነው። እስከ ሙት ዓመቷ እንዳለች ትቀመጥ፣ ሰው «ሚስቱን ቀብሮ መኪና ያብለጨልጫል» እንዳይል። ሰውስ ይል ነበር። እኛ ከተማ ስለ ሰው የማይባል ነገር ቢኖር እስካሁን ያልታሰበው ብቻ ነው።

መኪናዋ ግቢው መሀል ቆመች። የእኛ አገር ፀሐይ ደግሞ ብርድ ለብሳ የምታቃጥል ናት፤ ሰው ጋቢ ደርቦ እየተንቀጠቀጠ አፍንጫው ይላጣል። ሸራ አለበስኳት። ንፋሱ ሸራውን ቀኑን ሙሉ ሲያርገፈግፈው፣ ከየአውድማው የመጣው አቧራና የጤፍ እብቅ ከሥሩ ገብቶ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ሲፈገፍግ ሰማሁና መልሼ ገፈፍኩት። ኅዳር ሲያልቅ ላስቲኩ ወደ ቢጫ አደላ። ታኅሣሥ ላይ ጠርዙ መጨማደድ ጀመረ። ጥር ሲገባ አንዱን ጥግ በጥፍሬ ብሞክረው ሙጫው እንደ ማር ተጎትቶ፣ ላስቲኩ ተቆርጦ በእጄ ቀረ። የሹፌሩ ነገር ትዝ አለኝ። ትዝ አለኝና ቤት ገባሁ።

ሰዎች እንዴት ከረምክ ሲሉኝ እቀልድላቸዋለሁ። ለቅሶው ላይም ቀልጃለሁ፤ የእድሩ ሰዎች አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ስቀዋል። ቀልዱ ከአፌ ይወጣል፣ ሰው ይስቃል፣ እኔ ግን በጎረቤት ቤት እንደሚወራ ነገር ከሩቅ ነበር የምሰማው። ምግቡም እንደዚያው ነው፤ ጨው ረስተሻል ብዬ ልጄን ስወቅሳት፣ ቀምሳ ጨው በዝቶበታል ትለኛለች።

በዚህ መሀል የባለቤቴ ወንድም መጣ። ነጋዴ ነው። ሲያዛጋ እንኳ ዋጋ የሚጠራ ይመስለኛል፤ ክፋት ግን የለበትም። መኪናዋን ዞሮ ዞሮ አይቶ፣ እርስዎ አይነዷትም፣ ቆማ ነው የምታረጀው፣ ላስቲኳ ሳይላጥ ትሸጥ አለኝ። ላስቲክ ያለባት መኪና ዜሮ ናት፤ ማንም አልተቀመጠባትም፣ ማንም አልነካትም ማለት ነው። አንዴ ከተላጠች ግን ያገለገለች ናት፣ ከግቢ ባትወጣም። ለእርስዎም እሷን እያዩ ከመቃጠል መገላገል ነው አለ። እኔ ምንም እንደማልቃጠል አልነገርኩትም። እሺ አልኩት። ብዙም ሳይቆይ አማኑኤል ከተማ ያለ ገዢ አገኘ። ሰውየው ቅዳሜ ጠዋት መጥቶ ያያታል፤ ላስቲኩ ሙሉ ከሆነ ይወስዳታል።

ልጄ እዚሁ ዩኒቨርሲቲ ነው የምትማር። ነገሩን ስትሰማ ከበሩ ላይ ቆመች።

«እማዬ የመረጠችውን ቀለም ሳላየው ነው የምትሸጠው?»

«ቀለሙን ከፈለግሽ ጓሮ ባሕር ዛፍ አለልሽ» አልኳት።

አልሳቀችም። ቀልዴን ሲሰማ የማይስቅ ሰው ቢኖር እናቷ ነበረች፤ እሷ እንኳ አንገቷን አዙራ ትስቅ ነበር። ልጄ ግን ወደ ውስጥ ገባች፤ ከዚያ ቀን በኋላ ራት ስታቀርብልኝ ሳህኑን አስቀምጣ ክፍሏ ትገባለች። መናደድ እንዳለብኝ ወይም ማዘን እንዳለብኝ አውቅ ነበር። ከሁለቱ አንዱ እንዲመጣ ጠብቄ ሳይመጣ እንቅልፍ ይወስደኛል።

አርብ ዕለት አማቴ በአውቶቡስ መጡ። ባለቤቴ ካረፈችበት ቤተ ክርስቲያን ደርሰው፣ ተሳልመው፣ እኛ ጋ መጥተው ግድግዳው ሥር ፀሐይ ሊሞቁ ተቀመጡ። ፊት ለፊታቸው መኪናዋ ቆማለች፤ የተቆረጠው የላስቲክ ጥግ በንፋሱ ብድግ ቁጭ ይላል። እሳቸው ደጋግመው አዩት። ከዚያ ልጄን ጠሩ።

«ሆዴ፣ ምን ዓይነት ነው ቀለሙ?»

«አላውቅም እማማ።»

«እንዴት አታውቂ? አላየሽውም?»

«የት አይቼው? በላስቲክ ውስጥ መጣች፣ ነገ በላስቲክ ውስጥ ትሄዳለች።»

አማቴ የነገውን አልሰሙም ነበር። ልጃቸው ገዢ ማግኘቱን አልነገራቸውም፤ እኔም አልነገርኳቸውም። ወደ እኔ ዞሩ። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅኩ። ይልቅ አጠገባቸው ያለውን ድንጋይ መታ መታ አድርገው እንድቀመጥ ነገሩኝ።

«እስቲ እውነቱን ንገረኝ ልጄ። ይሄ ቢላጥ፣ መኪናዪቱ ብታብለጨልጭ፣ ደስ ይልሃል?»

አሰብኩበት። ለእሳቸው መዋሸት አይሆንልኝም።

«አይለኝም እማማ። ደስም አይለኝ፣ አይከፋኝም። እንኳን መኪና፣ ጨረቃን አውርደው ግቢዬ ውስጥ ቢያቆሙልኝ እንደ ውኃ በርሜል ነው የማያት።»

«እሷ ከሄደች ወዲህ?»

«ከዚያ ወዲህ።»

ነጠላቸውን ሰበሰቡና ተነሱ። «እንግዲያማ ላጠው» አሉ። «እኔ ደስታ እንዳይገባበት ብዬ ነው የከለከልኩ። ደስ የማይለው ሰው መኪና ቢልጥ ምን ሐዘን ያፈርሳል?»

ባለመደሰቱ ፈቃድ የተሰጠው ሰው በጎጃም ምድር ከእኔ ሌላ ይኑር አይኑር አላውቅም። ሥራው ግን የመጣው ፈቃዱን ተከትሎ ነው። መኪናዋን እያንቀረፈፍኩ ወደ ቤቱ ጥላ አስገባኋት፤ በፀሐይ የጋለ ቀለም ላይ መሥራት ማበላሸት ነው። ልጄ ውኃ አሞቀች። ፎጣ እየነከርን፣ ወገቡን የታመመ ሰው እንደምናክም ላስቲኩ ላይ እናስተኛለን፤ ሙጫው ሲለሰልስ ከጥጉ ይዘን፣ ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ጎን አስተኝተን፣ ቀስ አድርገን እንስባለን። ስንቸኩል ይቆረጣል። ስንዘገይ ይቀዘቅዝና መልሶ ይጣበቃል። አማቴ ዳር ሆነው «ቀስ»፣ «አሁን»፣ «ቀስ» ይሉናል፤ መኪና ሲልጡ የኖሩ ነው የሚመስሉት።

መጀመሪያ የሞተሩ ክዳን ተገለጠ። ልጄ ፎጣውን እንደያዘች ቆመች። ጭቃም አቧራም ያልነካው ቀለም ምን እንደሚመስል ረስቼ ነበር።

«ባሕር ዛፍ አይደለም» አለች ልጄ።

«ከሩቅ ሲያዩት ነው» አልኩ።

«የባቄላ ቅጠል ነው» አሉ አማቴ። «ጠዋት ጤዛ ሲኖርበት። ባሕር ዛፍ ያለ ማነው?»

«አባዬ ነዋ።»

«እሱ መች ማሳ ገብቶ ያውቃል።»

በሮቹ ብዙም አላስቸገሩን። ጣሪያው ግን ፀሐይ የዋለችበት ነው። ላስቲኩ እንደ ነጭ ሽንኩርት ልጣጭ እየተሰባበረ በጥፍር ልክ በጥፍር ልክ ይነሳል፤ በዚህ አያያዛችን የልጅ ልጆቼ ይጨርሱታል ብዬ ነበር። ሙጫው በላዩ ቀረ። ለስላሳ ጨርቅ ላምባ አስነክቼ፣ ሳልጫን፣ አሸሁት። አማቴ ቅቤ አይሻለውም ወይ ብለው ጠየቁ። ቅቤ ከቀባነው የከተማው ውሻ ሁሉ ተሰልፎ ይልስልናል አልኳቸው። ልጄ ሳቀች፤ ከዚያ መሳቋ ያስደነገጣት ይመስል ባልዲውን ይዛ ወደ ቧንቧው ሄደች።

የላምባውን ቅባት በሳሙና አጠብን። ኦሞ አይደለም፤ ኦሞ የልብስ ነው፣ የመኪና ቀለም ያነጣል። አደረቅን። ከመለዋወጫ መደብር የገዛሁትን ሰም ከፍቼ በጨርቅ እያዞርኩ መቀባት ስጀምር አማቴ አሸተቱና፣ ጧፍ ጧፍ ይላል አሉ። ጧፍ ሲሠሩ ነው የኖሩት፤ እጃቸው ሰም ያውቃል። ጨርቁን ከእጄ ነጥቀው በመዳፋቸው፣ በስሱ፣ ዳር ሳያስቀሩ ያዳርሱት ጀመር። ሰሙ ጉም ሲመስል እኔ በሌላ ደረቅ ጨርቅ እጠርገዋለሁ። ትከሻዬ መቃጠል ጀመረ። አንድ ነገር ሲሰማኝ ከረጅም ጊዜ በኋላ ነበርና፣ ትከሻዬ መሆኑን ለማወቅ ትንሽ ጊዜ ወሰደብኝ።

በዚህ ላይ እንዳለን ስልኬ ጠራ። የባለቤቴ ወንድም ነው። ሰውየው ነገ ማልዶ ከአማኑኤል እንደሚነሳ፣ ለማየት ብቻ ሳይሆን ሊወስዳት እንደሚመጣ ነገረኝ።

«ላስቲኩን ማንም እንዳይነካው ለማለት ነው ጋሼ።»

ላስቲኩ ከግድግዳው ሥር ተከምሯል። አማቴ ድንጋይ ጭነውበታል፣ ንፋስ እንዳይወስደው።

«ተላጠ» አልኩት።

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን ከጆሮዬ አንስቼ አየሁት።

«ማነው የላጠው?»

ስልኩን ለእናቱ ሰጠኋቸው። እሳቸው ሰም ባልነካቸው ሁለት ጣቶቻቸው ይዘው፣ ከአፋቸው አርቀው፣ አምበር ድረስ እንዲሰማ አድርገው ተናገሩ።

«እኔ ነኝ። ሰውየውን አትልፋ በለው። የእህትህ ናት።»

ልጃቸው ምን እንዳለ አልሰማሁም። አንዴ ብቻ «አዎ» አሉ፣ ቀጥለው «አንተም መጥተህ እያት» አሉና ስልኩን መለሱልኝ። ስልኩ ላምባና ሰም ይሸታል። ተመልሰው ሥራቸውን ያዙ።

ልጄ ወንበር ላይ ቆማ ጣሪያውን እየጠረገች ነው። የላስቲኩ ጥላ አንድ ቦታ ላይ አልለቀቀም፤ ሰፋ ያለ፣ ወደ ቢጫ ያደላ ነጠብጣብ ነው። ደጋግማ አሸችው። ቀለሙ ከሚነሳ ይቅር አልኳት። ይቅር አለች፣ ማሸቱን ግን አልተወችም። ፀሐይዋ ወደ ግድግዳው መጠጋት ጀምራለች፤ ጥላው ሳያልቅ ሁለተኛውን ዙር ሰም መቀባት አለብን። ደረቅ ጨርቅ አነሳሁና እጇ ወደማይደርስበት ወደ ማዶው ጎን ዞርኩ።